ውሻው ስም ነበረው

ላይብረሪው የደወለልኝ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ስለሚጮህ ያልመለስኩት መጽሐፍ ያለ መስሎኝ፣ "ይቅርታ፣ ነገ አመጣዋለሁ" ብዬ ልዘጋው ነበር። ሴትዮዋ ሳቀች። "የምንሰቅለው ያንቺን ሰሌዳ ነው" አለችኝ። መግቢያው ኮሪደር ላይ፣ ትልቁ ግድግዳ ላይ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

"ድንጋዩስ?" አልኳት።

"ድንጋዩም ጭምር።"

ጮህኩ። ፌርማታው ላይ የተቀመጠ ሰውዬ የጆሮ ማዳመጫውን ነቅሎ "አምቡላንስ ልጥራልሽ?" አለኝ። ለእኔ አያስፈልግም፣ ሌላ ሰው ግን ሊያስፈልገው ይችላል አልኩ በልቤ።

እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ሰው መጀመሪያ እግዜርን ያመሰግናል፣ ወይ እናቱ ጋ ይደውላል። እኔ ግን ቀድማ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። ይሄን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚመስል አሰብኩና ብቻዬን ሳቅሁ። አውቶቡሱ መጥቶ ሲቆም እንኳ ጥርሴን መክደን አቅቶኝ ነበር።

እሷ የምላት ጓደኛዬን ነው። እናቶቻችን በስደት እንደመጡ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል አብረው ተከራይተው ኖረዋል። ለሁለት አንድ ወፍራም ካፖርት ነበራቸው። ከሥራ የገባችው በር ላይ አውልቃ ትሰጣለች፣ ወደ ሥራ የምትሄደው ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት ትለብሰዋለች። እኛ ልጆቻቸው የተወለድነው በዚያ ካፖርት ዘመን ነው፤ እንደ እኅት ነው ያደግነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በኋላ እነሱ ሴንትራል ፓርክ፣ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው ሜዳ ላይ ቤት ገዙ። እኛ ኦሮራ ገባን። እናቴ ግን እንዳንለያይ ብላ ፎርም ሞልታ እሷ የምትማርበት ትምህርት ቤት አስገባችኝ፤ በየቀኑ ኮልፋክስን ከዳር እስከ ዳር በአውቶቡስ የምመላለሰው ለዚያ ነው። ለእሷ ስል እንደማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ።

የታሪክ አስተማሪያችን "መሬትን የለወጠ ሰው" የሚል ፕሮጀክት ሰጠን፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ሰው ምረጡ፣ ለውድድር የሚቀርብ ሰሌዳ ሥሩለት አለን። እኔና እሷ ከሩጫ ልምምድ ዘግይተን ስንገባ፣ እዚሁ ተራሮቻችን ላይ ሐዲድ የዘረጉትን ሁሉ ሌሎች ልጆች ወስደዋቸው ነበር። የቀረው አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ከሞተ። ዕድሜውን በሙሉ በቅኝ ግዛት አገር ድልድይና ሐዲድና ግድብ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በቂ ተጽፎለታል።

"ጢሙ ደስ ይላል" አለች ጓደኛዬ።

ፕሮጀክቱን ተካፈልን፤ ሕይወቱን እሷ፣ ሥራውን እኔ። ሕይወቱ አጭር ነበር፣ አንድ ማታ ጨረሰችው። ሥራው ግን እሱ ራሱ በጻፈው ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው፤ ሰው ስካን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። እኔ ያን መጽሐፍ አነበብኩት፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት፣ እናቴ ሥራዋን እስክትጨርስ መኪና ውስጥ። ስለ ኖራ አቦካክ ብዙ ገጽ አለው። በቅሎዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ያውቃቸዋል፤ የትኛዋ ልግመኛ እንደሆነች፣ የትኛዋ ድልድይ እንደምትፈራ። ውሻው ደግሞ ለብቻው ምዕራፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ሲታመም፣ ሲድን፣ ሲሞት፣ ሲቀበር። ድንጋይ ተሸክመው ግድቡን ስላቆሙት ሰዎች ግን አንድም ስም የለም። አንድም! ሁለተኛ ገለበጥኩት፣ ምናልባት ዘልዬው ይሆናል ብዬ። የለም።

ከዚያ ፎቶውን አገኘሁ። መሐንዲሱ ሕንድ አገር፣ ያላለቀው ግድብ ፊት ለፊት፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ውሻው እግሩ ሥር ተኝቷል። ከኋላቸው ሴቶች ናቸው፤ በቅርጫት ሙሉ ድንጋይ ጭንቅላታቸው ላይ ተሸክመው የሚያልፉ ብዙ ሴቶች። እሱና ውሻው ጥርት ብለው ይታያሉ። ሴቶቹ ግን ጢስ ይመስላሉ። መጀመሪያ የተበላሸ ፎቶ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ የዚያን ጊዜ ካሜራ ሰው ዝም ብሎ እስኪቆይለት ይጠብቅ ነበር ለካ። የተቀመጠ ሰው ጥርት ብሎ ይወጣል። የሚንቀሳቀስ ይደበዝዛል። እነዚያ ሴቶች የደበዘዙት አንድ ደቂቃ እንኳ ቁሙ የሚላቸው ስላልነበረ ነው።

ይሄን ስረዳ ፎቶውን እንደገና ከፈትኩት። ሰሌዳችን መሆን ያለበት ይሄ ነው አልኩ። ፎቶውን ትልቅ አድርጌ መሐል ላይ አስቀመጥኩት፤ ሥሩ ደግሞ ስለ ሴቶቹ ጻፍኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። ለእሷ ላክሁላት። ከዚያ ኃይለኛ ጉንፋን ጣለኝ።

አልጋ ላይ ሆኜ ነው ቪዲዮውን ያየሁት፤ አንዷ የክፍላችን ልጅ ላከችልኝ። ጓደኛዬ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ዳኞቹ ፊት ቆማ፣ ሰሌዳውን ብቻዋን ፕሬዘንት ታደርጋለች። ላዩ ላይ የእሷ ስም ብቻ ነው ያለው። ያ አንድ ነገር ነው። ፎቶውን ሳየው ግን ከአልጋዬ ተነሣሁ። ክሮፕ አድርጋዋለች። መሐንዲሱ አለ፣ ጢሙ አለ፣ ውሻው አለ። ሴቶቹ የሉም። ስለ እነሱ የጻፍኩትም የለም።

ቴክስት አደረግሁላት። "ሴቶቹስ?"

"ብዥ ብለዋል እኮ። ቦርዱን ያበላሹታል" ብላ መለሰች። ቀጥላ፦ "አንቺ ደግሞ ታመሻል፤ ስሙ ያለበት ሰው በሙሉ መቆም አለበት ብለውናል። አኩርፈሽ ነው?" የምታለቅስ ፊት ጨመረችበት። ቀጥሎ ርችት፤ ዳኞቹ ለሚቀጥለው ዙር መርጠዋታል።

አኩርፈሽ ነው? ማኩረፍማ ድሮ ብስኩቴን ስትበላብኝ ነው። "ሰኞ ለአስተማሪው እናገራለሁ" አልኳትና ስልኬን ዘጋሁት። እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ እሑድ ሳልደክም ሳዘጋጅ የነበረው ሰኞ ምን እንደምል ነው። መስታወት ፊት ሁሉ ተለማምጃለሁ። ሴቶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ እሷ ደግሞ ከቦታዋ ትወርዳለች። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በር ተንኳኳ። እናቴ በቀዳዳው አየችና ወደ ኋላዋ ሸሸች። በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ ኮት ለብሰው። አንደኛው ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱት ጋሼ ናቸው። ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ፊት የሚቀመጡት ባለከዘራው አባባ ናቸው።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ" አለች እናቴ።

"አንቀመጥም" አሉ አባባ። "የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመልን አንቀመጥም።"

እናቴ ይሄን ስትሰማ ቀለሟ ተለወጠ። ክንዴን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ፣ አባቴ ጋ ደወለች። አባቴ ትራክ ይዞ ዋዮሚንግ ውስጥ ነበር።

"ሽማግሌ መጥቷል!" አለችው በሹክሹክታ።

"ለማን?"

"ለማን ይሆናል፣ ለልጅህ ነዋ!"

"ምን?! ሃይስኩል ያለች ልጅ! ማነው እሱ ደፋሩ? የማን ልጅ ነው?" ስልኩ ውስጥ የትራክ ጡሩንባ ተሰማ። "ስጪኝ፣ እኔ ላናግራቸው!"

እናቴ ወደኔ ዞረች። "አንቺ! ማነው ልጁ?"

"የምን ልጅ? እማ፣ እኔ ምንም—"

"ዝም በይ! ባዶ እግርሽን አትውጪ፣ ጫማ አድርጊ!"

ሳሎን ስንመለስ ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "አባባ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ልጄ ገና ትምህርት ላይ ናት። ለትዳር አልደረሰችም" አለቻቸው።

አባባ ጋሼን አዩ። ጋሼ አባባን አዩ። "ኧረ እግዚአብሔር ያሳይሽ!" አሉ ጋሼ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። "እኛ የመጣነው ስለ ፕሮጀክቱ ነው!"

የላከቻቸው የጓደኛዬ እናት ናት። ልጇ ሰኞ ምን እንደሚጠብቃት ነግራታለች። "ኮሌጅ ልታመለክት ስትል መዝገቧ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢጻፍባት ወዮልኝ" ብላ ሽማግሌ ልካለች፣ እንደ ወጉ እንደ ማዕረጉ፣ በአንድ የሃይስኩል ሰሌዳ የተነሣ። እሷና ልጇ እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ በዳይ እስኪጠራ ደጅ ነው የሚቆየው።

እናቴ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ቁጭ በሉ፣ ትሰማችኋለች አለች። እኔን ሳትጠይቅ! እነሱም ተቀመጡ።

"በይ እስቲ ልጄ" አሉ አባባ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው። "ፀቡን ለማየት ነገሩን ከሥሩ ማወቅ አለብን። ሰውየው ማነው? ኮንትራክተር ነው?"

"መሐንዲስ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ዝናብ የማያባራበት ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ ነው።"

"ደህና ሰው ነዋ!"

"ሲጀምርማ ደህና ነበር አባባ።"

እንዲህ ብዬ ጀመርኩ። እንግሊዝኛ አይሆንልኝም፣ አባባ አይሰሙኝም። ስለዚህ በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ከቤት አማርኛ ወጥቼ እንደዚያ ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም። በልጅነቱ መሬት ለሚለኩ ሰዎች ሰንሰለት ይዞ ይሮጥ እንደነበር፣ እነሱን እያየ ሙያ እንደቀሰመ፣ ከዚያ በመርከብ ሕንድ ሄዶ ገና ጢሙ በቅጡ ሳይወጣ የብዙ ሰው አለቃ እንደሆነ። ተራራ ሰንጥቆ ባቡር አሳለፈ። ሥራው ቦታ ኮሌራ ሲገባ የራሱን ድንኳን ነቅሎ ነፋስ ያለበት ከፍታ ላይ ተከለ፤ ሠራተኞቹ እታች ውሃው ዳር ቀሩ። ይሄን ሁሉ ያለ ምንም እፍረት ራሱ ጽፎታል።

"ከዚያ ወደኛ መጣ" አልኳቸው።

"ወደኛ ማለት?" አሉ ጋሼ።

"ወደ ቀይ ባሕር። ወደ መቅደላ ለሚዘምተው የእንግሊዝ ጦር መንገድ የሚያዘጋጅ ሰው ሲፈለግ ከሕንድ አመጡት። ዙላ።"

ጋሼ ከሶፋው ተነሡ። "ዙላ? ምፅዋ አጠገብ ያለችው ዙላ? እኔ ወታደር ሆኜ ምፅዋ ነበርኩ እኮ! እዚያ በቀን ድንጋይ በእጅ አይነካም! ሻይ ይፈላል በላዩ!"

"እነሱ ግን ይሸከሙት ነበር ጋሼ። ባሕሩ ዳርቻው ላይ ጥልቅ ስላልሆነ መርከብ አይጠጋም። ድንጋይ ከሩቅ በጀልባ እየመጣ፣ በሰው ጫንቃ እየተሞላ፣ እቃ የሚወርድበት ረጅም መሻገሪያ ተሠራ። ሐዲድም ዘረጉ። ጦሩ ጉዳዩን ጨርሶ ሲመለስ ሐዲዱን ነቅለው በመርከብ ጭነው ሄዱ።"

"ሐዲዱን ነቅለው?"

"ነቅለው።"

"ታዲያ ለኛ ምን ተዉልን?"

"ሙቀቱን ነዋ" አለች እናቴ ከወደ በሩ፤ አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ወደ ሕንድ ተመልሶ የሠራው ግድብ ጋ ደረስኩ። መሐንዲሱ በዚያ ግድብ ማዕረግ እንደተሰጠው፣ ጡረታ ወጥቶ ባሕር ዳር ትልቅ ቤት ውስጥ ጽጌረዳ ሲኮተኩት እንደሞተ ነገርኳቸው። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። ያልተቆረጠውን አዩ። ሴቶቹ ለምን ጢስ እንደመሰሉም ነገርኳቸው፤ ጋሼ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቀጥዬ የተቆረጠውን አሳየኋቸው።

አባባ ስልኩን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። "ሴቶቹ የት ሄዱ?"

"ጓደኛዬ ቆረጠቻቸው።"

"ውሻውስ?"

"ውሻው አለ። ስም አለው። ትልቋ በቅሎም ስም አላት።"

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። "ውሻውን አስቀርታ!" አሉ በመጨረሻ፣ ለጋሼ። "ሰው የቆረጠችው ውሻውን አስቀርታ ነው!"

በዚያች ደቂቃ ሽማግሌዎቹ የእኔ እንደሆኑ አወቅሁ። ለእሷ ሊለምኑ የመጡ ሰዎች! ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ትራስ አቀፍኩ።

ሽማግሌ ግን ሽማግሌ ነው፣ ማስታረቅ አለበት። "እንግዲህ ልጄ፣ እኅትሽ ናት። ትምጣ፣ ጉልበትሽን ትሳም፣ ይቅር በያት" አሉ አባባ። "ካሣም ካልሽ ንገሪን።"

"ድንጋይ ትሸከም" አልኩ።

"የምን ድንጋይ?"

"የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ አይደል ይቅርታ የሚጠይቀው? አባቴ ነግሮኛል፤ እነሱ አገር እንደዚያ ነው። የተበደለው አውርድ እስኪለው ድረስ።"

"እሱ እኮ ለደም ነው!" አሉ አባባ ደንግጠው። "ሰው ለገደለ ነው!"

"እሷስ? ስንት ሰው ነው ያጠፋችው?"

ጋሼ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እየሳቁ እንደነበር ትከሻቸው ያስታውቃል። እናቴ ግን "ኧረ ባካችሁ፣ ከግቢው ድንጋይ ሲነሣ ኤችኦኤው ቢያይ ይቀጣናል!" አለች። ያሳሰባት የግቢው ነዋሪዎች ማኅበር ቅጣት ነው፣ በእናቴ ሞት።

ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፖስታ ሳጥኖቹ ሥር፣ ለማሳመሪያ ከተደረደሩት ውስጥ፣ ቀላ ያለ፣ ገጹ ሻካራ፣ የሕፃን ልጅ ያህል የሆነ። ትንሾቹን አልፌ ነው ያነሣሁት።

ጓደኛዬ ከመኪና ወረደች። እናቷም ተከትላት ወረደች። "እባካችሁ፣ ልጄ ወገቧን ያማታል!" ትላለች። ወገቧን ያማታል የተባለችው ልጅ ባለፈው ሳምንት ሃይ ጃምፕ አንደኛ የወጣች ናት። ጓደኛዬ ምን እንደሚጠብቃት ሲነገራት አየችኝ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። ድንጋዩን አነሣች፣ ማጅራቷ ላይ አደረገች፣ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች።

እኔም አየኋት። ዝም ብዬ አየኋት። ጸጉሯ ፊቷ ላይ ወድቋል፣ ጆሮዋ ቀልቷል። አውርጂ ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ፣ አልኩ እንዴ? አላልኩም። ጎረቤታችን ውሻውን ይዞ በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ልጅ ድንጋይ ተሸክማ፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌዎች ከበዋት፣ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። "ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?" አለ።

"ስኩል ፕሮጀክት!" አለች እናቴ። አንገቱን ነቅንቆ ሄደ።

"በይ እንጂ ልጄ" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

"ይከብዳል" አለች ጓደኛዬ ከታች።

"አውቃለሁ" አልኳት።

"አታውቂም። አንቺ አልተሸከምሽውም።"

ይሄ ይብስ አናደደኝ። ትንሽ አቆየኋት። እሷም ድንጋዩን አልጣለችውም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎት ወደ መኪናው ይሄድ ነበር። "ሴቶቹ ግን" አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሸከሙት?"

"ጀምበር እስክትጠልቅ። መጽሐፉ ላይ አለ። አንብበሽው ቢሆን ታውቂው ነበር።"

ድንጋዩን አስተካከለች። "ሰኞ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ" አለች ቀጥላ። "አንቺ አትናገሪ። እኔ።"

ያን ጊዜ "አውርጂ" አልኳት። አባባ ወዲያው ከዘራቸውን አስፋልቱ ላይ መትተው ፍርዳቸውን ጨመሩበት፤ ልጅቷ ሰሌዳውን እንደገና ስትሠራ ያበላሸችው ታግዛት፣ እስከ መጨረሻው፣ ያለችውን ሁሉ ትታዘዝ አሉ። እናቶቻችን ተላቀሱ። የካፖርቱ ነገር ተነሣ። እኔና እሷ ጉንጭ ለጉንጭ ተነካካን፣ መሳም ከተባለ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ድንጋዩን ወደ ቦታው የምመልሰው እኔ ሆንኩ። ማንም አያየኝም ነበር። ማጅራቴ ላይ አድርጌ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ሄድኩ። ካሰብኩት በላይ ከባድ ነው፤ ቆዳ ይልጣል። በጣም ደስ አለኝ።

ሰኞ ነገረችው። አስተማሪው ሰሌዳውን ከውድድሩ አወጣው፤ የእሷንም የእኔንም ማለት ነው፣ አንድ ሰሌዳ ነዋ። ርችቷ ጠፋ። ፓርክ ሂል ያለች የሩጫ ጓደኛችን ቤት ፓርቲ ተዘጋጅቶላት ነበር፣ እሱም ቀረ። እኔ ሽልማት እንዳለፈኝ አውቃለሁ፣ ግን አላለቀስኩም። ላይብረሪው በወጣቶች የተሠራ ሰሌዳ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሳይ፣ ሳሎን ውስጥ ለአባባ የተናገርኩትን እንዳለ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በአማርኛ። አፌ ላይ ያለው ወረቀት ላይ እንደሚወርድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጽፌ ስጨርስ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ከዚያ ለአባቴ በስልክ፣ ትራኩን ዳር አስይዤው። ከዚያ ለራሴ።

ፎቶውን በተመለከተ፣ አሁን የተቆረጠው መሐንዲሱ ነው። ሴቶቹን ግድግዳ እስኪሞሉ ድረስ አሳደግኋቸው፤ በትልቁ ሲታዩ እንደ ጢስ ከሆነው ውስጥ ክንድ ይወጣል፣ የቀሚስ ጠርዝ ይወጣል፣ አንዷ እንዲያውም ወደ ካሜራው ዞር ብላ ያየች ትመስላለች። ከመሐንዲሱ የቀረው ታች ጥግ ላይ አንድ ጫማ ነው። ውሻውንም አውጥቼዋለሁ፤ ጥፋት ባይኖረውም።

ጓደኛዬ ልታግዘኝ መጥታ ይሄን ስታይ "አንቺም ቆረጥሽ እኮ!" አለችኝ።

"እሱ በሁሉም መጽሐፍ ላይ አለ" አልኳት። "ለአንድ ወር ቢወጣ አይሞትም።"

"ሞቷል እኮ።"

"እንግዲያው ጭራሽ አይጎዳም። ቴፑን ያዥልኝ።"

ያዘችልኝ። ምን ታደርግ፤ ተፈርዶባታል።

ከፎቶው ሥር "ተሸካሚዎች" የሚል ርእስ አለ። የሴቶቹ ስም መግባት የነበረበት እዚያ ነው፤ ግን የጻፈው የለም፣ መሐንዲሱ ለውሻው ሲል ቀለሙን ጨርሶታል። ስለዚህ ባዶ መስመሮች አደረግሁበት። መጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ በትልቁ፣ በራሴ እጅ፣ አንድ ስም ጽፌያለሁ፤ የጓደኛዬን። እነሱን ከፎቶው ያወጣቻቸው ልጅ ከእንግዲህ ስሟ ከእነሱ ጋር ነው የሚነበበው፣ ከተሸካሚዎቹ ተርታ፣ አንደኛ። ሌላ በቀል ቢሰጡኝ አልለውጠውም። ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። ከዚያ "ስፔሊንጉ ልክ ነው" ብላ ጻፈች። ይሄው ነው ያለችው።

አሁን የላይብረሪዋ ሴትዮ "የምትፈልጊውን ሰው ጥሪ" ብላኛለች። አባባና ጋሼ ተጠርተዋል። አባቴ ጭነት አልቀበልም ብሏል። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኑ። የኮልፋክሱ አውቶቡስ ደጃፉ ላይ ያወርዳችኋል፣ በመኪና ለምትመጡም ከኋላ በኩል ፓርኪንግ አለ። ከፖስታ ሳጥኖቹ ሥር እንደገና ያመጣሁት ያ ድንጋይ በሩ ላይ ነው፤ ኤችኦኤው እስካሁን አላወቀም። ተቀብላችሁ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ እስከ ሴቶቹ ድረስ ትሸከሙታላችሁ። ከዚያ ብዕር አለላችሁ፣ ከጓደኛዬ ስም ሥር የራሳችሁን ጻፉ። ወገባችሁን የሚያማችሁ እጃችሁን ብቻ አሳርፉበት። የእውነት የሚያማችሁ ማለቴ ነው።

በሩ ላይ ቆማ ድንጋዩን የምትሰጣችሁ እሷ ናት። እስክንዘጋ ድረስ እያነሣች ትሰጣለች፣ መልሳ ትቀበላለች፣ እንደገና ታነሣለች። ስትቀበሏት አመሰግናለሁ በሏት። እኔ ገና አላልኳትም።